ከነጠላው ሥር ያለውን ማን ያያል?

«ለዓምዱ አዘጋጅ፤ እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው። ከድልድዩ ወዲህ፣ መሐል ከተማ ባለ አንድ የግል ድርጅት ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ስምንተኛ ወሬን ልጨርስ ጥቂት ቀን ቀርቶኛል። ጠዋትና ማታ የምመላለሰው በታክሲ ነው። ጠዋት እኛ ሰፈር ሲደርስ ሞልቶ ነው የሚመጣው። ረዳቱ ‹ግቢ፣ ጠጋ ይሉልሻል› ይላል፤ ማንም ጠጋ አይልም። በሩ ሥር ጎብጬ፣ የሰው ወንበር ጨብጬ እሄዳለሁ። ባለፈው ሳምንት ከአንድ ጎረምሳ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ሥራ ቦታ እስክደርስ አለቀስኩ። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ እርጉዝ ሳለች በቀላል ባቡሩ ነበር የምትሄደው፤ ያን ያህል ተጨናንቆ እንኳ የሚነሣላት ሰው አይጠፋም ነበር። የእኛን ሰው ምን ነካው? ባለቤቴ በባጃጅ ሂጂ ይለኛል፤ በየቀኑ ኮንትራት አቅማችን አይችልም፤ ደግሞም ማንገጫገጩ ምጥ ያመጣል ይሉኛል። አማቴ የሰው ዓይን ትፈራለች፤ ነጠላዬን አስፍቼ ካልተከናነብኩ ከቤት አታስወጣኝም። ፈቃድ አልወጣሁም፤ ቀኖቹን ከወለድኩ በኋላ ከልጄ ጋር ላሳልፋቸው ብዬ ነው። ሰው ሳላስቀይም እንዴት ወንበር ላግኝ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ አብሬሽ አዘንኩ። ሁለተኛውን ግን አንድ ነገር እየፈለግሁ ነው ያነበብኩት፤ አላገኘሁትም። ሞልቶ ስለሚመጣው ታክሲ ጽፈሻል፤ እንቅልፍ ስለወሰደው ጎረምሳ ጽፈሻል፤ ስለ አማትሽ ጽፈሻል። «ተነሥልኝ አልኩት» የሚል ግን የትም የለም።

ልወቅስሽ አይደለም፤ እኔም ያው ነበርኩ። ሁለተኛ ልጄን እርጉዝ ሳለሁ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ግማሹን መንገድ ጎብጬ፣ ግማሹን የሰው ቅርጫት ተደግፌ ሰፈር ደረስኩ። እናቴ ዘንድ ገብቼ የከተማውን ሰው ሁሉ ረገምኩት። እሷ ቡና እየቆላች ዝም ብላ ሰማችኝና «ነገርሻቸው?» አለችኝ። «ምኑን እነግራቸዋለሁ፣ አያዩም እንዴ!» አልኩ። «ታዲያ ያንቺን ሆድ እነሱ ተሸክመውታል እንዴ፣ ክብደቱን የሚያውቁት?» ብላ ወደ ምጣዷ ዞረች። ለሦስት ቀን ተቀይሜያታለሁ።

አፍሽን የያዘው ይሉኝታ ነው። «ምን ይሉኛል፣ ቀበጥ ይሉኛል፣ እሷ ብቻ ናት እንዴ ያረገዘችው ይሉኛል።» ያው ይሉኝታ ግን ወንበር ላይ የተቀመጠውንም ይይዘዋል። ሰው ፊት፣ በጨዋ አንደበት፣ «ወንድሜ» ተብሎ የተጠየቀ ጎረምሳ እምቢ ብሎ ቀና ብሎ መሄድ አይችልም፤ ከኋላ ያሉት እናቶች በዓይናቸው ይጨርሱታል። ስለዚህ እስካሁን አንቺን ሲጎዳ የኖረውን ይሉኝታ ላንቺ እንዲሠራ አድርጊው። ሳይጠየቅ ማንቀላፋት ቀላል ነው፤ ተጠይቆ ማንቀላፋት ግን ከባድ ነው።

«የእኛን ሰው ምን ነካው» ላልሽውም፣ መነሣት ከእኛ አልጠፋም። ሰው ቤት ስትገቢ ተቀምጦ የነበረው ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» ይልሽ የለም? አንቺም «በእግዜር» ብለሽ ታስቀምጪው የለም? ያ የሚሆነው ግን በሩ ላይ ቆመሽ «እንደምን ዋላችሁ» ስላልሽ ነው። ሰላምታ የሌለበት ቤት ውስጥ ማን ይነሣል? ታክሲ ውስጥ ደግሞ አንገታችንን ደፍተን ገብተን፣ ሒሳብ ከፍለን፣ «ወራጅ አለ» ብለን ነው የምንወርደው። እስኪ ነገ ጠዋት እግርሽን ስታስገቢ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ «እንደምን አደራችሁ» በይ። የሚገርም ነው፤ ግማሹ ሰው ቀና ይላል። ቀና ያለ ሰው ደግሞ ያያል።

ከዚያ ለሕዝቡ በሙሉ አትናገሪ። «ለእርጉዝ እንኳ የሚነሣ ይጥፋ?» ዓይነት ሽሙጥ ሁሉንም ወደ መስኮት ነው የሚያዞረው፤ ማንን እንደሆነ ስለማይታወቅ ማንም አይደለም። አንድ ሰው ምረጪ፤ ወጣት፣ ዕቃ ያልታቀፈ፣ ለበሩ የቀረበ። እሱን እያየሽ «ወንድሜ፣ ድርስ ነኝ፣ መቆም አልቻልኩም፤ ቦታህን ብትለቅልኝ?» በይው። ሴት ከሆነች «እህቴ» ብለሽ ጀምሪ። ከዚያ በላይ ማብራራት አያስፈልግም፤ ይቅርታ እየደጋገምሽ አትለማመጪ። አልችልም ካለሽም አትከራከሪው፤ ወደሚቀጥለው ዙሪ። ያቺ ቀጭን ልጅ ገና የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ማቅለሽለሹን ይዛ ተቀምጣ ሊሆን ይችላል፤ ያኛው ወገቡን ታሞ ይሆናል። አንቺም እኮ በነጠላሽ ሥር ያለውን ማንም አላየም።

አሁን ስለ እህትሽ ባቡር። ሰዉ የተለየ አይደለም፤ የተለየው ተሽከርካሪው ነው። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ ሲመላለስ ከተቀመጠው የቆመው ይበዛል። ቁመትሽን ሙሉ ቆመሽ ትታያለሽ፤ ሆድሽ ከሩቅ ይናገራል፤ አጠገብሽ የቆመችው ሴት ለራሷ ሳይሆን ላንቺ ስለምትለምን አታፍርም፣ «አንተ ልጅ፣ ተነሥላት እንጂ» ትላለች። የሚነሣውም ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ብረቱን ይዞ መንገዱን ይቀጥላል። የእኛ ሚኒባስ ግን ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶሽ ነው የተቀመጠው፤ አንቺም ጎብጠሽ ስትገቢ እንኳን ሆድሽ ፊትሽም አይታይም። የሚነሣልሽ ሰው በአንቺ ፈንታ ሊጎብጥ ነው፤ ወይም ሊወርድ ነው። የምትጠይቂው ውለታ ከባቡሩ ይከብዳል። ይህን ስልሽ ጎረምሳውን ነጻ ላወጣው አይደለም፤ ነገሩ የሚፈታው ታክሲው ውስጥ ሳይሆን ከመግባትሽ በፊት መሆኑን እንድታዪ ነው።

ሞልቶ የመጣ ታክሲ ውስጥ አትግቢ። ይኼ ለእኔ ምክር ሳይሆን ክልከላ ነው። ትርፍ ሆነሽ በሩ ሥር ስትቆሚ ነጂው ድንገት ፍሬን ቢይዝ የምትወድቂው በሆድሽ ነው፤ ረዳቱ «ጠጋ ይሉልሻል» ያለው ደግሞ ለሒሳቡ ነው። ሰፈርሽ ሲደርስ ሞልቶ የሚመጣ ከሆነ ወደ መነሻው አንድ ፌርማታ ወደ ኋላ ተመለሺ። የአሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ጉዞ ከሃያ ደቂቃ መጎበጥ ይሻላል። ሰዓትም አለ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ሁሉ 2:30 ለመግባት ስለሚሯሯጥ ከ1:30 እስከ 2:30 ያለው ወንበር የጦር ሜዳ ነው። አለቃሽን «እስክወልድ 3:00 ልግባና ማታ ወይም በምሳ ሰዓት ላካክሰው» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ አለቃ እምቢ የሚለው ያልተጠየቀውን ነው።

ረዳቱንም ወዳጅ አድርጊው። በየቀኑ የምታገኚው ልጅ ከሆነ ስሙን ጠይቂው። «የኔ ወንድም፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ቦታ ያዝልኝ፤ መኪናህ ውስጥ እንዳልወልድብህ» ብትዪው ይስቃል፣ ግን ይደነግጣልም። አንዲት ጎረቤቴ እንዲህ ብላ ጋቢናውን የግሏ አድርጋው ነበር። «ለእናት ልቀቁ!» የሚለው የእሱ ድምፅ ከአንቺ አሥር ልመና ይበልጣል። በሦስት ሰው ወንበር ላይ አራተኛ ሊጨምርብሽ ሲል ደግሞ የሁለት ሰው ሒሳብ ክፈይው። ኮንትራት ባጃጅ ከመያዝ ይረክሳል፤ ሆድሽም አይጠበብም።

የት ትቀመጪ? የልጅነቴን ላምጣልሽ። ከዘጌ በጀልባ ወደ ከተማ ስንመጣ እርጉዝ ሴት ካለች ሽማግሌዎቹ «መሐል፣ መሐል» እያሉ ነበር ቦታ የሚሰጧት። ጫፍ ላይ ማዕበሉ ያነሣል፣ ያፈርጣል፤ መሐሉ ግን ጋብ ይላል። ከሰዓት በኋላ ጣና ነፋስ ሲነሣበት ልዩነቱን በሆድሽ ታውቂዋለሽ። ሚኒባስም ያው ነው። የመጨረሻው ወንበር ከኋላ ጎማ በላይ ስለሆነ ብሬከር ባለፈ ቁጥር ወደ ጣሪያው ይወረውርሻል። በሩ ሥር ያለው ታጣፊ ወንበር ደግሞ ሰው በወረደ ቁጥር ያስነሣሻል። ከነጂው ኋላ ያለው የመጀመሪያው ረድፍ ነው የአንቺ። ጋቢናም ጥሩ ነው፤ ለእግር ይመቻል፤ ግን ቀበቶውን እሰሪ። የታችኛው ክር ከሆድሽ በታች ዳሌሽ ላይ ይረፍ፣ የላይኛው በጡቶችሽ መካከል ይለፍ። ሆድ ላይ የታሰረ ቀበቶ ልጁን ሊጎዳ ይችላል።

ማታውን የፈታሁልሽ ይመስለኛል። ከመሐል ከተማ የምትሳፈሪው ከመነሻው ስለሆነ ተሰልፈሽ ወንበር ታገኛለሽ። ሰልፉ ከረዘመና እግርሽ ካላበጠ ደግሞ እስከ ድልድዩ ድረስ ተሳፍረሽ ቀሪውን በእግርሽ ሂጂ። በ2016 ግንቦት የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ ለእግረኛው ሰፊ መሄጃ አለው፤ ቀስ እያልሽም ብትሄጂ ከአሥር ደቂቃ አያልፍም። 11:30 ላይ ፀሐዩ በርዶ፣ ከታች ዓባይ ከጣና ሲወጣ እያየሽ መራመድ ለጤነኛ ነፍሰ ጡር ከየትኛውም ወንበር ይሻላል። ባለቤትሽ በማዶው ጫፍ ይጠብቅሽ። «በባጃጅ ሂጂ» ከማለት ይህ ይቀላል፤ ለእርሱም ሆዱ መቦርቀቅ ጀምሮ ከሆነ ይጠቅመዋል።

ስለ ባጃጁ፦ ማንገጫገጥ በጤናማ እርግዝና ላይ ምጥ አያመጣም። ልጅሽ በሽርት ውኃ ውስጥ ነው ያለው፤ ኮብልስቶኑን የምትሰሚው አንቺ ነሽ። ጊዜው የደረሰች ሴት ባጃጅ ላይ ምጥ ቢጀምራት ባጃጁ ስሙን ያጠፋል እንጂ። የባጃጅ አደጋው ሌላ ነው፤ ሦስት እግር ስለሆነ በፍጥነት ሲታጠፍ ይገለበጣል፤ በሩም ክፍት ነው። እና በባጃጅ ስትሄጂ መሐል ተቀመጪ፤ ነጂውን «ቀስ በል፣ ቸኩዬ አይደለም» በይው፤ ነጂው ጎን ሰው ሲጭን ካየሽ ውረጂ። የሰፈርሽን አንድ ጨዋ ባለ ባጃጅ ጠዋት ጠዋት ብቻ፣ ከአንዲት የሥራ ባልደረባሽ ጋር ሒሳቡን ተካፍላችሁ፣ በወር ተነጋገሩት። የእሱ ስልክ ቁጥር ለሌላም ቀን ያስፈልግሻል፤ ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ከድልድዩ ወዲህ ናቸው፤ ምጥ ደግሞ ሌሊት ነው የሚወደው። የጤና ጣቢያሽን የአምቡላንስ ቁጥርም ከአሁኑ ግድግዳ ላይ ለጥፊው።

አንድ ነገር ስላልጻፍሽ ሰጋሁ፤ ጠዋት በልተሽ ነው የምትወጪው? በባዶ ሆድ፣ በሙቀት፣ ሰው ተጨናንቆ ቆመሽ ስትሄጂ ደሙ ወደ እግር ይወርድና ዓይንሽ ይጨልማል። ጾም ላይ ከሆንሽ ንስሐ አባትሽን አነጋግሪያቸው፤ የነፍሰ ጡርን ነገር ያውቁታል። ውኃ ያዢ። ማዞር ሲጀምርሽ፣ ላብ ሲያጠምቅሽ፣ «ወራጅ አለ» ብለሽ ውረጂ፤ ጥላ ሥር ተቀመጪ፤ ካልተሻለሽ በግራ ጎንሽ ጋደም በይ። ማፈር የለም፤ በመንገዱ ዳር ዘንባባው ጥላውን የዘረጋው ለሰው ነው። ደም ካየሽ፣ የሽርት ውኃ ከፈሰሰሽ፣ ራስሽን አጥብቆ አሞሽ ዓይንሽ ብዥ ካለ፣ ፊትና እጅሽ በድንገት ካበጠ፣ ወይም ልጁ እንደ ወትሮው አልንቀሳቀስ ካለሽ ግን ወደ ሥራ የሚባል ነገር የለም፤ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ።

ያናደደኝ ግን የፈቃዱ ነገር ነው። ታክሲውም፣ ጎረምሳውም እንደዚህ አላናደዱኝም። «ቀኖቹን ከልጄ ጋር ላሳልፋቸው ብዬ» ብለሻል። ማን ነው ይህን የነገረሽ? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 88 መሠረት ከመውለድሽ በፊት 30 ቀናት፣ ከወለድሽ በኋላ 90 ቀናት፣ ሁለቱም ከደመወዝ ጋር ተሰጥተውሻል። የፊተኛው ከኋለኛው አይቀነስም። ሠላሳውን ብትወጪው ዘጠናው ሳይነካ ይጠብቅሻል። ስምንተኛ ወርሽን ልትጨርሺ ከሆነ ያ ጊዜ ደጅሽ ቆሟል። ሠላሳው አልቆ ልጁ ገና ቢዘገይም እስክትወልጂ ድረስ ፈቃዱ ይራዘማል። ለሕክምና ምርመራ የምትሄጂበት ሰዓትም የሐኪም ማስረጃ እስካመጣሽ ድረስ ደመወዝ አያስቆርጥም። ነፍሰ ጡርን የትርፍ ሰዓት ሥራ ማሠራት፣ ከምሽቱ 4:00 እስከ ንጋቱ 12:00 ማሠራትም ክልክል ነው። ከጤና ጣቢያ የመውለጃ ቀንሽን የሚገልጽ ወረቀት አስጽፊ፤ ማመልከቻሽን በጽሑፍ አስገቢ፤ አንድ ቅጂ ማኅተም አስደርገሽ ለራስሽ አስቀሪ። በቃል «እሺ፣ ችግር የለም» የተባለ ፈቃድ ደመወዝ ቀን ላይ ይረሳል።

እንዲህ ካደረግሽ ከዚያ ታክሲ ጋር ያለሽ ጉዳይ የቀሩት ቀናት ብቻ ነው። ለእነዚያ ቀናት ደግሞ ከአማትሽ ጋር ዕርቅ ያስፈልገናል።

የሰው ዓይን መፍራታቸውን አልነቅፍም። የልጅ ልጃቸውን እየጠበቁ ነው፤ የሚያውቁት መከላከያ ይኼ ነው። ግን እህቴ፣ ሰፊ ነጠላ ተከናንባ፣ ጎብጣ የገባችን ሴት ጎረምሳው እርጉዝ ትሁን ጾመኛ በምን ይለያል? የተሳሳተ እንደሆነስ ብሎም ይፈራል፤ ውፍረቷን እርግዝና ብሎ ለአንዲት እመቤት ተነሥቶላት የተሰደበ ልጅ አውቃለሁ። ስለዚህ ከቤት እሳቸው እንዳሉሽ ተከናንበሽ ውጪ። ፌርማታው ጋ ስትደርሺ ነጠላውን አንድ ትከሻሽ ላይ ሰብስቢው፤ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ፤ «እንደምን አደራችሁ» ብለሽ ግቢ። ማታ ድልድዩን ከተሻገርሽ በኋላ መልሰሽ ተከናነቢው። አማትሽ የሚጠብቁሽ ከግቢው በር ላይ ነው፤ ፌርማታው ድረስ አይታያቸውም።